ለአርባው የተሠራው ወታደር

ወንድሜ በሞተ በወሩ ገደማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት ጓደኞቹ ፋሲሎ ሰፈር ያለው ቤታችን መጡ። አመጣጣቸው የሽማግሌ ነበር። ሳያንኳኩ ገብተው ድስት ሲከፍቱ የኖሩ ልጆች ኮት ለብሰው፣ አንገት ደፍተው፣ በረንዳው ላይ ተሰለፉ። መካከለኛው ላፕቶፕ በሁለት እጁ አቅፏል። ዕድሜ ልካቸውን "አንቺ" ሲሉኝ ኖረው በዚያ ቀን "እንደምን ዋሉ" አሉኝ። ወዲያው ጠረጠርሁ። የማውቀው ጎረምሳ ድንገት ሲያከብረኝ አንድ ያበላሸው ነገር አለ።

ላፕቶፑን ያቀፈው ሙሽራው ነው። ወንድሜ የሞተው ከእሱ ሠርግ ሲመለስ ነው። ሠርጉ ደልጊ ነበር፤ ሚዜ ሆኖ ሄደ፤ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ከዚያ ወዲህ ያንን ልጅ ቤታችን ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሙሽራው እንለዋለን። እሱም በዚያው ይታወቃል፤ ስንጠራው አቤት ይላል።

እናቴ ጎረቤት ሄዳ ነበር። አስገባኋቸው፤ ውኃ ሰጠኋቸው፤ አልጠጡም። ለአርባው ቲሸርት እንዳላሳተሙ ሊነግሩኝ ነው የመጡት። በእኛ ከተማ ወጣት ሲሞት ጓደኞቹ ፎቶውን ቲሸርት ላይ ያሳትሙና፣ ከጀርባው "አንረሳህም" አስጽፈው፣ በአርባው ቀን ድንኳን ውስጥ ተሰልፈው ይቀመጣሉ። እነዚህ ግን ቲሸርት ሲታጠብ ይለቃል፣ ዓመት ሳይሞላው ወለል መወልወያ ይሆናል አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የጎረቤታችን ልጅ ፊት በረንዳ ሲወለወልበት በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ እነሱ የማይለቅ ነገር ሠርተዋል።

ወንድሜ የአንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ከእነዚህ ጋር ፔዳ፣ ኮሌጁ አካባቢ ያለ ጌም ቤት ይገባል፤ የሚጫወቱት ሁልጊዜ አንድ ጌም ነው፤ ወታደሮች በሁለት ቡድን ተከፍለው የሚታኮሱበት። የጌሙ ባለቤቶች ባሕር ማዶ ናቸው። ጌሙን የሚወዱ ሰዎች ግን በየአገራቸው ተቀምጠው የራሳቸውን ሰው እየሠሩ ይጨምሩበታል፤ አንዱ የኳስ ተጫዋች፣ አንዱ የሰፈሩን ልጅ። ሙሽራውም ወንድሜን ሠራውና ጨመረው።

እኔ የምሠራው አንድ የሕንፃ ዲዛይን ቢሮ ነው። ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ ሕንፃ ተሠርቶ ያለቀ አስመስዬ በኮምፒውተር አቆማለሁ፤ ባዶ እንዳይመስል በሩ ላይ ቦርሳ የያዘች ሴት፣ ኳስ የሚጠልዝ ልጅ አደርግበታለሁ። የኮምፒውተር ሰው አሠራሩ አይጠፋኝም ማለት ነው። ዳኛ ያደረጉኝ ለዚህ ነው።

"አይተው ይፍረዱን" አለ ሙሽራው። "እሱን ካልመሰለ እናስተካክላለን። ከመሰለ ግን በአርባው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ቴሌቪዥን አቁመን ለእማማ እናሳያቸው። ፊቱን ሳያዩ አይደል የቀበሩት።"

ይቺን የመጨረሻዋን ባይላት ኖሮ ያን ጊዜውኑ አባርራቸው ነበር። ወንድሜ ከደልጊ መንገድ የመጣው በሳጥን ነው። አጎቴ ሳጥኑ አይከፈትም አለ። ያየው እሱ ብቻ ነው፤ ያየውንም እስከ ዛሬ አልተናገረም። እናቴ እንጨት ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ እንጨት አቅፋ ሸኘች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ መሀል፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ድንገት "ፊቱን ሳላይ" ትላለች፤ ከዚያ መክተፏን ትቀጥላለች። ስለዚህ ያ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ፊት፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ እናቴ ከልጇ የምታየው የመጨረሻ ፊት ሊሆን ነው። እሺ ካልሁ ያንን ይዛ ልትኖር ነው። እንቢ ካልሁም ምንም ሳትይዝ ልትቀር ነው።

ክፈተው አልሁት።

መጀመሪያ ያየሁት አንገቱን ነው። ፊቱ ጠይም፣ አንገቱ የተላጠ ድንች። ሙሽራው ወንድሜን ከባዶ አልሠራውም፤ ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ወታደር ወስዶ፣ ጭንቅላቱን ቆርጦ ጥሎ፣ የወንድሜን ጭንቅላት ሰፍቶበታል። ስፌቱ ያስታውቃል። ራሱን ወደ ጎን ሲያዞር ከጆሮው ሥር ይከፈታል፤ በክፍተቱ ከኋላው ያለው ግድግዳ ይታያል። ወንድሜ ቀጭን ነበር፤ እናቴ "ሽቦዬ" ነበር የምትለው። ይሄኛው ደረቱ የበር ሳንቃ ያህላል፤ ክንዱ የእኔን ጭን ያክላል። ወንድሜ ግራኝ ነበር፤ ይሄኛው ጠመንጃውን በቀኙ ይዟል። ምን ቀረው ታዲያ?

ፊቱን ያነሱት ከለቅሶው ባነር ላይ ነው። ባነሩን የሠራው ፎቶ ቤት የምረቃ ፎቶውን ወስዶ የልጅነት ጠባሳውን አጥፍቶ፣ ቆዳውን አቅልቶ፣ ከንፈሩን አቅልሞ ኖሯል፤ በለቅሶው ሰሞን ማን ልብ ይላል? እነዚህ ደግሞ ያንን ጠፍጣፋ ነገር አምጥተው እንደ ከበሮ ቆዳ ወጠሩት። ፈገግታው ጆሮው ድረስ ተለጥጧል። ጥርሱ ጥርስ አይደለም፤ ከንፈሩ መሀል የተቀባ ነጭ መስመር ነው። የፎቶ ቤቱ መብራት ግንባሩ ላይ ያበራው ነገር እንዳለ አብሮ ስለተለጠፈ ጨለማ ቤት ሲገባም ግንባሩ እንደ ወዛ ያበራል። እግዚኦ ያሰኛል። መጥፎ ሞዴል አይቼ አላውቅም ማለቴ አይደለም፤ ቢሯችን ሞልቷል፤ አይተን ስቀን እንጥለዋለን። ይሄኛው ግን ከዚያ ሁሉ ልጥፍ ውስጥ አልፎ አልፎ፣ ቅንድቡ ጋ፣ አንድ ጣት በምታህል ቦታ ላይ ወንድሜን ይመስላል። ጨርሶ ባይመስለው ይሻለኝ ነበር።

ሙሽራው ፊቴን አይቶ የተደነቅሁ መሰለው መሰል፣ ቆይ ድምፁ አለ አለኝ። አንድ ነገር ነካ፤ ከየት እንደሆነ እንጃ ተተኮሰበት፤ ያ ልጥፍ ሰው በጀርባው ወደቀ። ሲወድቅም በወንድሜ ድምፅ "ኧረ በማርያም፣ ተዉኝ!" ብሎ ሳቀ። የራሱ ሳቅ ነው። አንድ ጊዜ ጣና ዳር ውኃ ሲረጩት በቴሌግራም የላከው ድምፅ ነው፤ እኔም ስልኬ ላይ አለ። ያንን ሳቅ ቆርጠው ለመሞቻው አደረጉለት።

ቋቅ አለኝ። እውነቴን ነው፤ አፌን በነጠላዬ ይዤ ወደ ጓሮ ሮጥሁ። ስመለስ ሦስቱም ቆመዋል። ያልኋቸውን ሁሉ አልጽፈውም፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው የሚለው አይደለም። ዓይን አውጣዎች አልኋቸው፤ የእናታችሁን ልጅ እንዲህ አርጋችሁ ሠርታችሁ እናታችሁ ፊት ታቀርቡታላችሁ ወይ አልኋቸው። ሁለቱ አለቀሱ። ሙሽራው አላለቀሰም። እስክጨርስ ሰማኝና፣ እሺ፣ ግን ይመስላል ወይስ አይመስልም አለኝ። ላፕቶፑን በራሱ ላይ ልሰብረው ምንም አልቀረኝ።

ይልቅ ሌላ ነገር ጠረጠርሁና፣ ይህ ነገር ያለው እዚህ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው ወይ አልኋቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ጌም ቤትም አለ፣ አለ አንዱ። እነሱ ሲጫወቱ ከእነሱ ጋር እንዲሰለፍ፣ እንደ ድሮው አብሯቸው እንዲሆን ብለው ነው የጫኑት። ባጃጅ ጥሩ አልኋቸው።

ጌም ቤቱ በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ የተጋረደበት አንድ ክፍል ነው። ካልሲና የድንች ጥብስ ይሸታል። ከአንዱ ቴሌቪዥን ፊት እንጭጭ እንጭጭ የኮሌጅ ተማሪዎች ተደርድረዋል፤ አንዳቸውንም አላውቃቸውም፤ እነሱም ወንድሜን አያውቁትም። ገና በሩ ላይ ሳለሁ ድምፁን ሰማሁት። "ኧረ በማርያም፣ ተዉኝ!" ተማሪዎቹ አብረው አሉለት፤ አዝማች ሆኗል። ከዚያ ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ተነሥቶ ሲሮጥ ፈልገው አገኙት፤ ሌላውን ሁሉ ትተው እሱን ብቻ ነው የሚያሳድዱት። ደግሞ ወደቀ። ለካ ጌሙ ወዳጅ አያውቅም፤ የትኛውም ቡድን ያስገባዋል፤ ማንም ይመርጠዋል፤ ማንም ይገድለዋል።

ለምን እሱን ብቻ ታሳድዳላችሁ ብዬ ዳር የተቀመጠውን ጠየቅሁት።

"እትዬ፣ እሱን መግደል ነው የሚያዝናናው" አለኝ። "ሲሞት ያወራል።"

ልሞክር የፈለግሁ መስሎት በእጁ ይዞ የሚተኩስበትን መጫወቻ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። መጫወቻው በድንች ዘይት ጨቅይቶ መዳፌ ላይ ተጣበቀ። በሕይወቴ እንደዚያ የዘገነነኝ ነገር የለም፤ የሞተ አይጥ ቢያስይዘኝ ይሻለኝ ነበር። ጣልሁትና ሄጄ ሶኬቱን ነቀልሁ። ክፍሉ ተንጫጫ። ባለቤቱ ከኋላ እየተሳደበ መጣና ሲያየኝ ደነገጠ፤ ለቅሶ ቤታችን ሦስት ቀን ውኃ ሲቀዳ የከረመ ሰው ነው። ደንበኛው ስለወደደው ነው እንጂ አለና ቀሪውን ዋጠው። እዚያው ቆሜ ከመሣሪያዎቹ ላይ አንድ በአንድ አስጠፋሁ። የሙሽራው ላፕቶፕ ላይ ያለው ዋናው ቀረ፤ እሱን ነገ ከቅዳሴ በኋላ ቤት አምጥተህ ዓይኔ እያየ ታጠፋለህ አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። ፍርዴ ይኸው ነበር፤ ይጥፋ።

ወደ ቤት በእግሬ ሄድሁ። ሐይቁ ዳር ወረድ ብዬ እጄን ታጠብሁ፤ አሸዋ ጨምሬ አሸሁት። አጠገቤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ፤ ፎቶ አንሺው ጭንቅላታችሁን አጋጥሙ፣ ፈገግ በሉ ይላቸዋል። እነሱንም ጠላኋቸው። ከሰው ሁሉ ፊት ነጭ መስመር ጥርስ የሚወጣ መስሎ ታየኝ።

በማግሥቱ ሙሽራው መጣ። ኮቱን አልለበሰም፤ ዓይኑ አብጧል። እናቴ ከቅዳሴ ተመልሳ ውስጥ ጋደም ብላለች። ሳሎን ተቀመጥንና በሹክሹክታ፣ ያሉትን ፋይሎች አሳየኝ አልሁት። እነሱን እኔው አጠፋኋቸው፤ ጌሙ ውስጥ ሌላ ቅጂ ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ጌሙንም አስከፈትሁት። ድምፁን መዝጋት ረሳ። ሰውዬው እስክሪኑ ላይ ገና ብቅ ሲል ከአንድ ጥግ ተተኮሰበትና ወንድሜ ሳሎናችን ውስጥ ጮሆ ሳቀ።

ውስጥ አልጋው ጮኸ። እናቴ ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች በር ላይ ቆመች። ማን ነው አላለችም፤ ድምፁን መች ታጣዋለች። መጥታ ከሁለታችን መሀል ተቀመጠች። ላፕቶፑን ልዘጋ እጄን ስሰድ እጄን መታችኝ፤ ልጅ ሳለሁ ስኳር ስነካ እንደምትመታኝ።

ሙሽራው ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ምን እንደሆነ አስረዳት። ለአርባው እንደሠራው፣ ፊቱን ታያለች ብሎ እንደሆነ፣ እንዳላማረ፣ ሊያጠፋው እንደመጣ። እናቴ አንዴ እሱን፣ አንዴ የቆመውን ወታደር ታያለች። በአንገቱ ድንችነት፣ በደረቱ ሳንቃነት አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔ ግን በእሷ ዓይን ደግሜ ሳየው ደግሞ አዲስ አስጠላኝ፤ መሬቱ ተከፍቶ እሱንም እኔንም ላፕቶፑንም በዋጠን አልሁ።

"ሲመቱት ምን ይሆናል?" አለች።

ሙሽራው ወደ እኔ አየ።

"ይሞታል ወይ ነው የምልህ።"

"አዎ፣ እማማ።"

"አሳየኝ።"

እኔ አይሆንም አልሁ፤ ማንም አልሰማኝም። አሳያት። ድምፁን ዘግቶት ስለነበር በዝምታ ወደቀ። በጀርባው፣ አንድ እጁ ከሥሩ ታጥፎ፣ ፊቱ ወደ ሰማይ። ሙሽራው እዚያ ላይ አቆመው። እናቴ አፍንጫዋ እስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋች። እኔ ጩኸት እየጠበቅሁ ትከሻዋን ያዝሁ፤ ራሷን ብትስት ብዬ። እሷ ግን ድስት ውስጥ እንደምታይ ሰው አጎንብሳ አየችና ቀና አለች።

"ዓይኑ ተገልጦ ቀርቷል" አለች። "ክደኑለት እንጂ።"

ሙሽራው አይቻልም አላት፤ የዓይን ቆብ አልተሠራለትም፤ ዓይኑ ፎቶ ነው፤ ሲተኛም ሲሞትም እንደተገለጠ ነው። ይህን ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ተሰበረ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺ ትችያለሽ።"

ሰው እጁን የማይሰድበት ነገር አለ፤ ያ ነገር ለእኔ ያ ሬሳ ነበር። ግን እናቴ መከራከሪያ አልሰጠችኝም። ኮምፒውተሬን አመጣሁና ሰውዬውን ከላፕቶፑ ጌም ቅጂ ሳላስቀር አውጥቼ በራሴ ፕሮግራም ከፈትሁት፤ እንደወደቀ አጋደምሁት። ቆብ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ከዓይኑ በላይ ያለውን ቆዳ ትቀጃለሽ፤ ጠርዙን ይዘሽ ነጥብ በነጥብ ወደ ታች ትስቢዋለሽ፤ ቀለሙን ከቅንድቡ ሥር ቀድተሽ ታለብሺዋለሽ። ለሕንፃ ደጅ ሴቶች ስንቴ ሠርቼዋለሁ፤ እጄ ሳያስብ ይሠራዋል። እጄ ሳያስብ መሥራቱም አስጠላኝ። በፎቶ ቤት ቀለም የተቀባ የወንድሜን ግንባር በማውስ እየቆነጠጥሁ ስጎትት ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ ሙሽራው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። እናቴ ግን ከአጠገቤ አልተነሣችም። ግራው አልተገጠመም፤ ትንሽ ዝቅ አድርጊው፤ አታጨማድጂው፤ ትለኛለች። መጀመሪያ ቀኙ፣ ቀጥሎ ግራው ተከደነ።

እጄን ከማውሱ ላይ አነሣሁ።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ያ የተለጠጠ ፈገግታ፣ ያ የሚያበራ ግንባር፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ግን ያ የፎቶ ዓይን ሲሸፈን ፊቱ ረጋ፤ ሰውዬው ወንድሜን መሰለ። አንድ ጣት የምታህል ቦታ ላይ አይደለም፤ ሙሉ ለሙሉ። ከሥራ መጥቶ እዚህ ሶፋ ላይ እንደተዘረረ። ሙሽራው ከግድግዳው ዞሮ አየውና እጁን አፉ ላይ ጫነ። ሦስታችንም እስክሪኑን ስናይ ቆየን። አንድ ቀን ሙሉ ይጥፋ ይጥፋ ስል የነበርሁት ሴትዮ፣ የትኛው ፎልደር ውስጥ ልደብቀው እያልሁ ሳስብ ራሴን ያዝሁት።

እናቴ ጠቋሚ ጣቷን አርጥባ እስክሪኑ ላይ፣ ዓይኖቹ ላይ፣ ቀስ አድርጋ አሳረፈች። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች።

"በሉ፣ አሁን ቅበሩት" አለችን።

ሙሽራው ማውሱን ያዘ፤ መጫን አቃተው። ወደ እኔ ገፋው። እናቴ ከኋላችን እንደቆመች ነው፤ ሳጥን ሲወርድ እስከ መጨረሻው ቆሞ እንደሚያይ ሰው። ማጥፊያውን እኔ ተጫንሁት። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልሁት።